ከሰዓት በኋላ የሚያጥሩ ልጆች

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ወንበር ለደረደራችሁ፣ ሻይ ላፈላችሁ፣ ኬክ ላዘዛችሁ። ኬኩ ላይ «መልካም ጉዞ» ይላል። ወዴት ነው የምጓዘው? ቤቴ ከዚህ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው። ቢሆንም ጽሑፉ ሳይንጋደድ መሃል ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ነገር እንደማይ ታውቃላችሁና፣ የጻፈው ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው።

ባለቤቴ ጠዋት ሸሚዜን እያቀበለችኝ «አደራህን፣ ዛሬ እንኳ ሰው ፊት አትቆጣ» አለችኝ።

«አልቆጣም።»

«እስቲ ማል።»

አልማልኩም። ሳቀችና ክራባቴን ጠበቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ድምፄ እንዳይወጣ አስባ ይሆናል።

የመድረክ መሪው «በጡረታ የሚለዩን» ብሎ አስተዋውቆኛል። ይህን ላርም። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጡረታዬ ገና ነው። የሕፃናት የሆርሞንና የአጥንት ጥናት ክፍል ሲዘጋ በዕቅድና ክትትል ክፍል ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሄጄ አየሁት። ጥሩ ጠረጴዛ ነው፤ መሳቢያው ይቆለፋል፣ መስኮትም አጠገቡ አለ። ልጅ ግን አይመጣበትም። አልፈልግም አልኩ። ስለዚህ ጡረታ አልወጣሁም፤ ክፍሉ ሲዘጋ አብሬ ተዘጋሁ።

ከኋላዬ «ሚሊሜትር» እንደምትሉኝም አውቃለሁ። ያልሰማሁ መስሏችሁ ነበር? ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ እናንተም ስታሙ ድምፃችሁን አትቀንሱም። አልተቀየምኩም። ለሐኪም «ከሞላ ጎደል» ከመባል «ሚሊሜትር» መባል ይሻላል።

አሁን ከፋይናንስ፣ ከትራንስፖርትና ከሰው ኃይል ለመጣችሁት ጥቂት ላብራራ። ለዓመታት አብረን ሻይ ጠጥተናል፤ ምን እንደምንሠራ ግን ጠይቃችሁን አታውቁም። እኛም አልነገርናችሁም።

ኩላሊታቸው ፎስፌት የተባለውን ማዕድን ይዞ ማስቀረት የማይችል ልጆች አሉ። እንደ ቀዳዳ ጆንያ ነው፤ የገባው ሁሉ በሽንት ይፈሳል። አጥንት ደግሞ ያለ ፎስፌት አይጠነክርም። ሲሚንቶ የሌለው አሸዋ በሉት። ልጁ ቆሞ መሄድ የጀመረ ዕለት እግሩ ከገዛ ክብደቱ በታች መጉበጥ ይጀምራል። እናቶቹን «ፀሐይ አሙቁት» ይሏቸዋል፤ ያሞቃሉ። ቫይታሚን ዲ ይታዘዝላቸዋል፤ ይሰጣሉ። እግሩ ይጎብጣል። ከዚያ ሰፈርተኛው እናትየዋን «በደንብ ስለማታበዪው ነው» ይላታል። ይህን የሰማች እናት እኔ ክፍል ስትገባ ቀና ብላ አታየኝም።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከራሱ ከልጁ አጥንት የሚወጣ ሆርሞን አለ፤ መጠኑ ሲበዛ ኩላሊቱን «ጣለው፣ ጣለው» እያለ ያዘዋል። ኩላሊቱ ጤነኛ ነው። ግን የተሳሳተ ትእዛዝ ሲመጣለት ምን ያድርግ? ይፈጽማል። ይህን በሽታ ከእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የበለጠ ሊረዳው የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

አዎ፣ ሳቁ። ክቡር ዳይሬክተርም ስለሳቁ መሳቅ ይቻላል።

መድኃኒቱ ረቂቅ ነገር አይደለም። የፎስፌት ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠጣል፤ ከእሱ ጋር ለዚህ በሽታ የሚሆነው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ይሰጣል። ዱቄቱን የምትመዝነውና የምትበጠብጠው ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራው ፋርማሲስታችን ናት። ጣዕሙ መጥፎ ነው፤ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። አንዱን ትንሽ ልጅ «ምን ምን ይላል?» ብዬ ስጠይቀው አስቦ አስቦ «የተናደደ ውሃ» አለኝ። ፋርማሲስቷ «ዶክተር፣ በእርስዎ ትእዛዝ ነዋ የተበጠበጠው» አለች።

ልጆቹ ግን ጠጡት። እያለቀሱ፣ እያቅለሸለሻቸው፣ ሆዳቸው እየተረበሸ ጠጡት። የደማቸው ምርመራ ተስተካከለ። የጉልበታቸው ራጅ ከወር ወር እየጠራ መጣ። የጥናቱ ዋና መለኪያ ግን ቁመት ነበር። መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ስንት አደጉ? በጀመሩበት ዓመትስ? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው።

ቁመት መለካት ቀላል ይመስላል አይደል? ቁመቱ ግድግዳ ላይ የተሰመረለት ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ ይወልቃል፣ ሹሩባ ይፈታል። በሹሩባ የተነሳ ከስንት እናት ጋር ተጣልቻለሁ! «ዶክተር፣ እሱን ለመሥራት እኮ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል» ትለኛለች። «እህቴ፣ መለካት የፈለግሁት ልጅሽን እንጂ ሙያሽን አይደለም» እላታለሁ። ተረከዝ ግድግዳው ሥር ይጠጋል። ሲስተር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ትይዛለች፤ እግሩ የጎበጠ ልጅ ብቻውን ቀጥ ብሎ አይቆምምና። እኔ ሰሌዳውን አናቱ ላይ አወርዳለሁ። ሦስት ጊዜ እንለካለን። ሦስቱ ካልተቀራረቡ ሁሉም ተጥሎ ከአዲስ እንጀምራለን።

እና ሁልጊዜ በጠዋት። የጥናቱ ዕቅድ «በጠዋት» ይላል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ሰው ሲውል ያጥራል። በጀርባ አጥንታችን መካከል ያሉት ለስላሳ ትራሶች ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ ይሳሳሉ፤ ሌሊት ስንተኛ ይመለሳሉ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አንድ ልጅ አንድ ሴንቲሜትር ሊያጥር ይችላል። በአውቶቡስ ቆሞ የመጣ፣ ከዚያም ተሰልፎ የዋለ ልጅ ከዚያም በላይ። ለእናንተ አንድ ሴንቲሜትር ምንድን ነው? ለእኛ መድኃኒቱ በዓመት ይጨምርላቸዋል ብለን የጠበቅነው ያህል ነው።

ከዚያ የምንለካበት ክፍል በጠዋት ለአዋቂዎች ክሊኒክ ተሰጠ። እኛ ወደ ከሰዓት ተዛወርን። ልጆቹ መድኃኒቱን ሲጀምሩ በጠዋት ተለክተዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ በከሰዓት ሊለኩ ነው ማለት ነው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ያን ዕለት ቢሮዎ መጣሁ። ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ለጊዜው ነው ዶክተር» አሉኝ።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ በዚህ ጥናት ላይ ሰዓት መቀየር ልጁን መቀየር ነው» አልኩ።

«እንዴ! ሜትሩ ያው ሜትር አይደለም እንዴ? ሜትር ሰዓት አያይ!»

ጸሐፊዎ ሳቀች። እኔም ወጣሁ። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም።

አንዲት ልጅ አለች። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ በትልቁ አደባባይ ጥግ ጎማ ይጠግናል። ልጁን «እናቴ» ብሎ ነው የሚጠራት። በጠዋት በተለካች በሦስተኛው ወር ከሰዓት ተለካች። ሰሌዳውን አወረድኩ። አነበብኩ። ሰሌዳውን ሳላነሳ ደግሜ አነበብኩ። ሲስተር ከወለሉ ቀና ብላ «ዶክተር፣ ተሳሳትን እንዴ?» አለችኝ። ደገምን። ሠለስን። ልጅቷ ካለፈው አጥራ ነበር።

አባትየው ፊታችንን ያነባል። «ምንድን ነው? ንገሩኝ እንጂ!» አለ። ነገርኩት። ውሸት አልችልም፤ ባለቤቴ ይህን እንደ በሽታ ነው የምትቆጥረው።

«አጠረች ማለት ነው?»

«መለኪያው እንደዚያ ይላል። ምክንያቱ ግን ሰዓቱ ነው።»

«ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት እናንተ ታሳድጋላችሁ ተብዬ ነው። ማሳጠሩማ እኔንም ቤቴ አያቅተኝም።»

ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለችው። እንዳጠፋች ልጅ። ይቅርታ፣ ክራባቴን ላላ ላድርገው።

በማግስቱ ወደ ስታቲስቲክስ ባለሙያችን ሄድኩ። እዚያ ከኋላ ተቀምጧል፤ አትደበቅ፣ አንተን አይደለም የምቆጣው። «ዶክተር፣ እሷን ኮምፒዩተሩ አስወጥቷታል» አለኝ። «ከበፊቱ ያጠረ ልጅ ከመጣለት የመለካት ስህተት ነው ብሎ ይሰርዛል። ራሳችን ነን እንደዚያ ያዘዝነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አላጠሩም። ትንሽ ነው ያደጉት እንጂ።»

ገባችሁ? ሌሎቹም ያን ዕለት አጥረዋል። ግን ከእሷ ይልቅ ስላደጉ ማጠራቸው በዕድገታቸው ውስጥ ተደበቀ። ያጠሩት ሁሉም ናቸው፤ በአንዷ ላይ ብቻ ታየ። የታየባትንም ሰረዝናት። ከዚያ የቀሩትን ደመርንና «ብዙም አላደጉም» አልን። እንደ እኛ የተማረ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስህተት ማን ይችለዋል?

እንደ ቁራ ጮህኩ። ለጥናት ኮሚቴው ተናገርኩ፣ በስብሰባ ተናገርኩ፣ በደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ተናገርኩ። የጥበቃ ሠራተኛው እኔን ሲያይ «ገብቶኛል ዶክተር፣ ጠዋት ረጅም ነን» እያለ ያልፈኝ ጀመር። በመጨረሻ ክቡር ዳይሬክተርን ራሳቸውን ለመንኳቸው። እውነት ለመናገር ፈቃደኛ ነበሩ። በጠዋት መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ። «ካልሲም ነው እንዴ?» አሉኝ። «ካልሲም ነው» አልኳቸው። ከሰዓት መልሼ ለካኋቸው፤ ከጣቴ ውፍረት በላይ አጥረዋል።

ሰሌዳው ሥር እንደቆሙ «ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ የበላይ አካል ፊት ስብሰባ የዋለ ሰው ባያጥር ነው የሚገርመው» አሉ። ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህም ስቄ አላውቅም፤ ምክንያቱም የጥናቱ ሪፖርት ሳይታረም በማግስቱ ተላከ። «መድኃኒቱ በቁመት ዕድገት ላይ ያመጣው ጉልህ ለውጥ አልታየም» ይላል። ልጆቹን እንደገና በጠዋት እንለካ ስል «ጥናቱ ተዘግቷል፤ በተዘጋ ጥናት ልጅ አይለካም» ተባልኩ።

ይህን የምናገረው ለታሪክ አይደለም። ሰኞ የመድኃኒት ኮሚቴው ይሰበሰባል። የፎስፌት ዱቄት ከዚህ በኋላ ለሆስፒታሉ ይገዛ ወይስ ይቅር የሚለውን ያን ጊዜ ይወስናል። በእጃቸው ያለው ማስረጃ ያ ሪፖርት ብቻ ነው። ጥናቱ የገዛው ዱቄት ከዚህ ወር አያልፍም። ፋርማሲስቷ ትናንት የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች እያሳየችኝ «ሲያልቅ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ጆንያዎቹን ደግሜ ቆጠርኳቸው።

ዱቄቱ ሲቆም ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የዚያን ዕለት ምንም አይሆንም። በሳምንቱም ልጁ እየሮጠ ታዩታላችሁ። አጥንት ሲጎብጥ ድምፅ የለውም። ቀስ ብሎ እግሩን ማመም ይጀምረዋል፤ ያልተነካ የሚመስል ጥርስ ሥሩ መግል ይቋጥራል፤ ሲጫወት የነበረው ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሲብስ ወደ ቀዶ ሐኪሞቹ ይላካል፤ አጥንቱን ቆርጠው ያቃኑታል። ያለ ፎስፌት የተቃና አጥንት ተመልሶ ይጎብጣል። እንደገና ይቆረጣል። እኔ ለሐዘኔታ ብዬ አላጋነንኩም። ማጋነን እንደማልችል ለዓመታት ስትስቁብኝ የኖራችሁት እናንተው ናችሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ክቡር ዳይሬክተር፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ነገ ቅዳሜ ነው። የአዋቂዎች ክሊኒክ አይሠራም፤ ክፍሉ ባዶ ነው፤ መለኪያው ግድግዳው ላይ አለ። የልጆቹን ወላጆች አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ከከተማው ዳር ያሉት ዛሬ መጥተው ዘመድ ቤት ያድራሉ።

ጎሚስታው ጋ በእግሬ ሄድኩ። ከመኪና ሥር ሆኖ ነው ያነጋገረኝ።

«ደግሞ ልትለኳት ነው? ይቅርባት። ባለፈው ቤት ገብታ ራት አልበላም ብላለች።»

«ነገ በጠዋት ነው የምትለካው። ከሰዓትም እንደገና። የሁለቱን ልዩነት ኮሚቴው ያየዋል።»

«ካየ በኋላስ?»

«አላውቅም።»

ከመኪናው ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዶክተር፣ አንተ ስትጮህ ነው የማውቅህ። አላውቅም ስትል አስፈራኸኝ» አለኝ። ቆይቶም «ድሮ ጎማው ላይ አንስቼ ነበር የማስቀምጣት። አሁን ራሷ ትወጣለች። ይህን አትነግራቸውም?» አለ።

«እሱ መለኪያ አይደለም» አልኩት። አይደለምም። ኮሚቴው ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ ትክክልም ነው። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ብሆን ቁጥር ነው የምጠይቀው። ቁጥሩ ደግሞ ነገ በዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

ችግሩ እኔ ነኝ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የዚህ ሆስፒታል ሐኪም አይደለሁም። ቁልፉን አስረክቤአለሁ፣ ባጄን አስረክቤአለሁ። ነገ እኔ ብለካቸው የመንገደኛ ልኬት ነው፤ ማንም አይቀበለውም። መለኪያውን የሚያወርድ የሆስፒታሉ ሐኪም ያስፈልገኛል። ጉልበት የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልገኛል። በሩን የሚከፍት ያስፈልገኛል። ጥናት አይደለም፤ ጥናቱ ተዘግቷል፣ ይዘጋ። ታካሚ ልጅን ለመለካት ኮሚቴ የጠየቀ ሐኪም ግን እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም።

ሲስተር፣ እጅሽን አይቼዋለሁ። አውርጂው። አንቺ በኮንትራት ነው የምትሠሪው፣ ልጆችም አሉሽ፤ ነገ ቢከፉብሽ እኔ የማድንሽ ሰው አይደለሁም። እኔ የምለምነው ቋሚ ቅጥር ያላችሁን ነው። ከፊት የተቀመጣችሁትን። ከእኔ ጋር የተማራችሁትን። ያስተማርኳችሁንም።

አሁን እጅ አታውጡልኝ። በጭብጨባ መሃል የወጣ እጅ ሌሊቱን ይወርዳል። ዝም ብላችሁ ነገ ኑ።

እውነቱን ልናገር? ትመጣላችሁ ብዬ አልጠብቅም። አውቃችኋለሁ። ክፉዎች አይደላችሁም፤ ክፉ ብትሆኑ ተጣልቼ በቀለለኝ። ደክሟችኋል፤ ቅዳሜም ነው፤ ክቡር ዳይሬክተርም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «እሱ ሁልጊዜም ያበዛዋል» ትሉና ትተኛላችሁ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን ኖሮ እንዲሁ ባሰብኩ ነበር።

እኔ ግን ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ ነኝ። ጥበቃው አያስገባኝም፤ ውጭ እቆማለሁ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሳያስሮጡ፣ አንዳንዶቹም ቁመታቸው እንዳይባክን አዝለዋቸው ይመጣሉ፤ እንዲያ አድርጉ ብያቸዋለሁ። ከእናንተ አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ከመጣ ወደ ጎን ዞር እላለሁ፤ አልናገርም፣ አላርምም፣ በመስኮትም አላይም። ማንም ካልመጣ እያንዳንዱን አባትና እናት «ተመለሱ» የምለው እኔ ነኝ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው እስካሁን አላገኘሁም። ከእናንተ የምታውቁት ካላችሁ ከመሄዴ በፊት ንገሩኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ባለቤቴን አሳፍሬአታለሁ መሰለኝ። ተቆጥቼ ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ፤ የተቆጣሁበትን ምክንያት ግን አልመልሰውም። ለክቡር ዳይሬክተር ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለፋርማሲስቷ የሚበቃ ዱቄት፣ ለሲስተር ቋሚ ቅጥር፣ ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚከራከርበት ድፍረት ይስጥልኝ። ለወጣቶቹ ሐኪሞች እኔ ያላገኘሁትን አድማጭ ይስጣችሁ። የሠራችሁበት እጅ አይድከም። ቤታችሁ በሽታ አይግባ፤ ከገባም መድኃኒቱ አይጥፋ።

እኔን ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።